የገዳማቱን ቢራ ተከትሎ መጓዝ

የዕረፍት ጊዜውን የሕዝብን መጠጥና የአጠጣጡን ወግ ለመመልከት ሊያውለው የሚያስብ ሰው፣ መንገዱን ወደ ቤልጅግ ገዳማት ቢያቀና ምርጫው የተመሰገነ ነው። በዚያ ትራፒስት የሚባሉት መነኮሳት፣ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው ምእት ዓመት በሠራው ሥርዓት መሠረት በእጃቸው ድካም ለመኖር ሲሉ ጸሎትንና ጠመቃን አስማምተው ይዘዋል፤ ቢራው በገዳሙ ቅጽር ውስጥ እንዲጠመቅ፣ ትርፉም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለነዳያን መርጃ እንዲውል ሕጋቸው ያዛል።

ለጠላችን ጌሾ እንደሆነው ሁሉ ለቢራ መራራነትን የሚሰጠው ሆፕ ከሚለማበት ከፖፔሪንገ ተነሥቶ ወደ ዌስትቭሌተረን የደረሰ መንገደኛ፣ በ1831 የተመሠረተው የቅዱስ ሲክስቶስ ገዳም በር ተዘግቶ ቢያገኘው አይዘን፤ ከፊት ለፊቱ ባለው መጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ አፈ ሰፊ በሆነ ዋንጫ የቀረበለትን ጥቁር ቢራ አረፋው እስኪረጋ ታግሦ በዝግታ ይቅመሰው።

እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው ኦርቫልን ነው፤ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የፈረሰው ይህ ጥንታዊ ገዳም በ20ኛው ምእት ዓመት እንደገና ሲታነጽ፣ ለሕንጻው ገንዘብ እንዲያስገኝ የጠመቃው ቤት በ1931 ተቋቁሞ፣ ግድግዳው ከብቅል በተገኘ ዋጋ ቆሟል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው መነኮሳቱ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። በአኸል ገዳም የሚኖር መነኩሴ በመታጣቱ፣ ቢራው የትራፒስትነት ማኅተሙን በ2021 አጥቷል።