ጎልፍና የግብረ ገብ ትምህርት

በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 የተቋቋመው ፈርስት ቲ የተባለው ማኅበር ለልጆች ጎልፍን ሲያስተምር ሐቀኝነትን፣ አክብሮትንና ጽናትን አብሮ ያስተምራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የምግባርን ስም ማጥናት ምግባር አይደለም። እኔም ባስተማርሁበት ዘመን «እውነት» የሚለውን ቃል አሳምሮ የጻፈ ልጅ በፈተና ቀን ከጓደኛው ሲኮርጅ አይቻለሁ።

ጎልፍ ጥቂት ምት የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ሲሆን ቁም ነገሩ ተጫዋቹ በራሱ ላይ ዳኛ መሆኑ ነው። ቦቢ ጆንስ በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ኳሱ ንቅንቅ ማለቱን ሌላ ማንም ሳያይበት በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ፤ በዚያችም አንዲት ምት ድሉን አጣ።

እንግዲህ መምህር ሆይ፣ ለልጁ ዱላውን ስትሰጠው ቍጥሩንም ለእርሱ ተውለት። ጥቂት ለቈጠረ ብቻ ሽልማት የምትሰጥ ከሆነ ግን ውሸትን ታስተምረዋለህ።