ዜና ሲሰማ ታሪክ ማንን ይጠይቃል? የማርቲን ኪማኒ ንግግር ሲመዘን

የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ፣ ሁለት ሰዎች በሁለት ከተሞች ስለ አንድ ጉዳይ ተናገሩ። በሞስኮ ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ረጅም የቴሌቪዥን ንግግር አድርገው፣ በምሥራቅ ዩክሬን ያሉትን ዶኔትስክንና ሉሃንስክን እንደ ነጻ መንግሥታት መቀበላቸውን አስታወቁ። በዚያው ዕለት ምሽት በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በአስቸኳይ ተሰበሰበ፤ የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒም ተራቸው ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ የሩሲያ ጦር ከየአቅጣጫው ወደ ዩክሬን ገባ።

ሁለቱም ተናጋሪዎች የዕለቱን ዜና ለማስረዳት ወደ ኋላ ሄደው ታሪክን ምስክር አድርገው ጠሩ። የጠሩት ምስክር ግን አንድ ዓይነት ቃል አልሰጠም። ወጣቶች ዜናን ከታሪክ ጋር ማገናኘትን እንዲማሩ የምንፈልግ ከሆነ፣ የአምባሳደሩ ንግግር በአጭሩ ብዙ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ጥንካሬውም ጉድለቱም ያስተምራል።

ጉዳዩ የሚመለከተን በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ በኅብረቶቻችን የዓለም ዜና ሲነሣ አቋራጭ መንገድ መውደዳችን ነው። የሩሲያ ስም ሲጠራ ሕዝቅኤል 38 ይከፈታል፤ ስለ ጎግና ማጎግ ክርክር ይጀመራል፤ ቤቷ የፈረሰባት የዩክሬን እናት ግን ሳትታሰብ ሰዓቱ ያልቃል። ትንቢትን ያልወደደ ደግሞ «ታሪክ ራሱን ይደግማል» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም መንገዶች ከማሰብ ያሳርፉናል። ሁለተኛው ምክንያት ከቤታችን ነው። እሑድ በአንድ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የዘመሩ ወጣቶች፣ ሰኞ በስልካቸው የጥንት ካርታ እየተላላኩ «ይህ አገር ዱሮ የእኛ ነበር» ሲባባሉ አይተናል። ስለ ወሰን፣ ስለ ርስት፣ ስለ ባሕር በር ዜና በሰማን ቁጥር ታሪክ ይጠራል። እንዴት እንደምንጠራው ማወቅ የሰላም ጉዳይ ሆኗል።

ከሳሽ የሆነ ታሪክ

የሞስኮው ንግግር በድንገት የመጣ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ፑቲን በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ስለ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን ታሪካዊ አንድነት ረጅም ጽሑፍ አውጥተው ነበር። በዚያ ጽሑፍ ከጥንቱ የኪየቭ ሩስ ዘመን ተነሥተው ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ናቸው ብለው ተከራከሩ፤ የዛሬዋ ዩክሬንም የሶቪየት ዘመን ሥራ ናት አሉ። በየካቲቱ ንግግር ይህንኑ አጠንክረው፣ ዩክሬንን የፈጠሯት ሌኒንና ቦልሼቪኮች እንደሆኑ ተናገሩ።

ከተጠቀሱት ዘመናትና ስሞች ብዙዎቹ እውነተኛ ናቸው። ኪየቭ የጥንት ከተማ ናት፤ የኪየቭ ሩስ መንግሥት ነበረ፤ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የሪፐብሊኮች ድንበር ተሰምሯል። ችግሩ ታሪኩ የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ነው። በዚህ አተራረክ ተራኪው ሁልጊዜ የተበደለ፣ ጎረቤቱ ሁልጊዜ ባለዕዳ ነው። ዛሬ በሕይወት ያለው የዩክሬን ሕዝብ ምን እንደሚፈልግ አይጠየቅም፤ የሞቱት ነገሥታት ግን እንዲመሰክሩ ይጠራሉ። አንባቢ ሆነን ስንመዝነው ቀላል ጥያቄ እናንሣ፦ ይህ ታሪክ ከተራኪው ምን ይጠይቃል? ምንም። የሚጠይቀው ከጎረቤቱ ብቻ ነው።

ራሱን የሚያስር ታሪክ

አምባሳደር ኪማኒ የጀመሩት ከራሳቸው ቁስል ነው። የኬንያና የአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ድንበር በአፍሪካውያን እጅ እንዳልተሰመረ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በሊዝበን ተቀምጠው የወሰኑ ሰዎች ጥንታዊ ሕዝቦችን ለሁለት እንደከፈሉ አስታወሱ። ዛሬም በእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር ድንበር ማዶ በቋንቋና በባህል የሚዛመዱ ወገኖች እንዳሉ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አድማጭ የሚጠብቀው «ስለዚህ ይመለስልን» የሚል ድምዳሜ ነው። የንግግሩ ኃይል ያለው ይህን ጥበቃ በማፍረሱ ላይ ነው። ኪማኒ በተቃራኒው ሄዱ፦ በነጻነት ጊዜ እያንዳንዱ ወገን በዘር ወይም በሃይማኖት አንድ የሆነ መንግሥት ላቋቁም ብሎ ቢነሣ ኖሮ፣ ዛሬም ድረስ ደም በተፋሰስን ነበር አሉ። የወረስነውን ድንበር የተቀበልነው ስላስደሰተን ሳይሆን፣ በሰላም የሚገነባ የተሻለ ነገር ስለፈለግን ነው አሉ። ከተለያዩት ወገኖች ጋር የመገናኘት ናፍቆትን አልናቁም፤ ናፍቆቱን በኃይል ማሳካትን ግን አወገዙ።

ከአጻጻፍ አንጻር ሦስት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛ፣ የንግግሩ ዋና ባለቤት «እኛ» ነው። ሩሲያን ከመውቀሳቸው በፊት አፍሪካ ራሷ ምን እንደተወች ይናገራሉ፤ ወቀሳው ክብደት ያገኘውም ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ወቀሳውን በአንድ አገር ላይ ብቻ አልጣሉትም። ዓለም አቀፍ ሕግን የሚጥሱ ኃያላን መንግሥታት በዚያው ምክር ቤት ወንበር ያላቸውንም እንደሚጨምሩ በፊታቸው ተናገሩ። ሦስተኛ፣ ዩክሬንና ኬንያ አንድ ናቸው አላሉም። ያነጻጸሩት ፈተናውን ነው፤ ግዛተ ዐፄ ሲፈርስ የተተወን ድንበር ምን እናድርገው የሚለውን ፈተና።

ከቃሉ ጋር ስናስተያየው ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። በሉቃስ 13 ሰዎች ወደ ጌታ ኢየሱስ የዕለቱን ዜና ይዘው መጡ፤ ጲላጦስ ስለገደላቸው የገሊላ ሰዎች ነገሩት። ጌታ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች አስታወሳቸውና ጥያቄውን ከሟቾቹ ላይ አንሥቶ ወደ ዜና አቅራቢዎቹ መለሰው። አሞጽም በደማስቆ፣ በጋዛ፣ በጢሮስ፣ በኤዶም፣ በአሞንና በሞዓብ ላይ ሲናገር አድማጩ ሳይደሰት አይቀርም፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ይሁዳና እስራኤል ነበር። ዜናም ታሪክም መጨረሻቸው የሰሚው በር ነው።

ያልተነገረው

ይህን ያህል ካመሰገንነው በኋላ ጉድለቱን እናንሣ። ኪማኒ «ተስማማን» ሲሉ፣ ያ ስምምነት እንዴት እንደተገኘና ማን እንደከፈለበት አይናገሩም።

ስምምነቱ እውን ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ የተሰበሰቡት መሪዎች በነጻነት ጊዜ የነበረውን ድንበር ለማክበር ወሰኑ። ሁሉም ግን አልተቀበሉትም፤ ሶማሊያና ሞሮኮ አልተስማሙም። የሶማሊያ እምቢታ ደግሞ በቀጥታ የኬንያ ታሪክ ነው። በ1955 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የላከው አጣሪ ቡድን በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት ሶማሌዎች አብዛኞቹ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል እንደሚፈልጉ አረጋግጦ ነበር። ፍላጎታቸው አልተፈጸመም። ኬንያ በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ በዚያው ወር በአካባቢው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እስከ 1960 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት «የሽፍታ ጦርነት» ተብሎ ይጠራል። አስቸኳይ ዐዋጁ ከጦርነቱም በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ጸና።

በእኛም በኩል እንዲሁ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ኦጋዴንን ስትወር ምክንያቷ ይኸው ከድንበር ማዶ ያለ ወገን ነበር፤ እስከ 1970 ዓ.ም. ብዙ ሕይወት ጠፋ። በ1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በባድመ ምክንያት ሲዋጉ ደግሞ ሁለቱም የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችን ጠቅሰው ነበር። ድንበርን የማክበር መርሕ ብቻውን ጦርነት አላስቀረም።

እነዚህ እውነቶች የኪማኒን መርሕ አያፈርሱትም። እንዲያውም የኦጋዴን ጦርነት መርሑን የሚደግፍ ማስረጃ ነው፤ ወገንን በጦር ለማምጣት የተደረገ ሙከራ ወገንን አላዳነም። ንግግሩ ግን እነዚህን ጨምሮ ቢሆን የበለጠ እውነተኛ በሆነ ነበር። «ሰላምን መረጥን» ከሚለው ጋር «ምርጫው ያልተጠየቁ ሰዎችን አስከፍሏል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎድለዋል። የሰሜን ኬንያ አረጋዊ ያን ንግግር ቢሰሙ «እኛ» በሚለው ቃል ውስጥ ራሳቸውን ያገኙ ነበር? ራሱን የሚያስር ታሪክ መልካም ነው፤ የታሰረው ሌላ ሰው ሲሆን ግን መናገር ያስፈልጋል።

ወደ እኛ ስናመጣው

ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን ንግግር ሲያነብ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ የድንበሩ ነገር የእነሱ ነው» ማለት ነው። ሆኖም የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር የተወሰነው በ1900 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር ባደረገው ውል ነው። ቦረናዎች ዛሬ በድንበሩ ግራና ቀኝ ይኖራሉ፤ ሞያሌ ከተማም ለሁለት አገር ተከፍላለች። ከውሉ ተዋዋዮች አንዱ የራሳችን መንግሥት ነበር። እኛ በዚህ ታሪክ ተመልካች ብቻ አይደለንም።

ሁለተኛው ፈተና «ዩክሬን ማለት የ1928ቷ ኢትዮጵያ ናት» ብሎ መዝጋት ነው። መመሳሰል አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሲሞክሩ፣ ጥያቄው ኃያሉ ደካማውን ሲወር ዓለም ምን ያደርጋል የሚል ነበር። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልጨመረም፤ ከንግግሩ በኋላ በሳምንታት ውስጥም ተነሣ። ዩክሬን ግን ከአሜሪካና ከአውሮፓ መሣሪያና ገንዘብ አግኝታለች። ወጣቱ «ለምን ለእኛ አልሆነም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያ ቁጭት ግን በቦምብ ሥር ላለ ሰው ከማዘን ሊከለክለን አይገባም።

ታሪክ መልሱን በግድ እንደማይሰጥም ከዚያው ወር እንማራለን። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወረራውን ሲያወግዝ 141 አገሮች ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኬንያ ደገፈች፤ ኤርትራ ተቃወመች፤ ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። ሦስት ጎረቤት አገሮች፣ ብዙ የሚጋሩት ታሪክ፣ ሦስት የተለያየ ውሳኔ። «ታሪካችን እንዲህ ያስገድደናል» የሚል ሰው የራሱን ምርጫ በታሪክ ስም እየደበቀ ሊሆን ይችላል።

የኅብረት መሪዎች ንግግሩን በጥናት ሰዓት እንድታነቡት እመክራለሁ፤ አጭር ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ዩክሬንና ኬንያ የት እንዳሉ በካርታ አሳዩ፤ ዘመኑን በሰሌዳ ጻፉ፤ ከዚያም ሦስት ጥያቄ ስጡ። ይህ ታሪክ የተነገረው ከማን ወገን ነው? በታሪኩ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ማን ነው? ታሪኩ ከተናጋሪው ምን ይጠይቃል? እነዚህኑ ጥያቄዎች ከሳምንት በኋላ በአገራችን ዜና ላይ ሞክሯቸው። ስልካችሁ ላይ የመጣ የጥንት ካርታ ካለ እሱንም አውጡና በሦስቱ ጥያቄ መዝኑት። በኅብረታችሁ ውስጥ ቤተ ሰቡ ከወሰን አካባቢ የመጣ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁና እሱ መጀመሪያ ይናገር። ሌሎቻችሁ ሳታቋርጡ ስሙ፤ ክርክሩ ይቆያል።