ልብ ይቆጠራል፣ ካሎሪ ይገመታል

ጂም ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ኮች፣ የቱን ሰዓት ልግዛ?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ቦርጩን ሊያጠፋ የቆረጠ ሰው ነው፤ የሚፈልገውም ስንት ካሎሪ እንዳቃጠለ በትክክል የሚነግረውን ዕቃ ነው። መልሴ ቅር ያሰኘዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት የለም። የልብ ምትን በትክክል የሚቆጥር ግን አለ፤ ገንዘብ የሚወጣውም ለዚያ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት መቁጠሪያዎች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የደረት ቀበቶ ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ ያነባል፤ ሐኪም ቤት ኢሲጂ የሚያነሳውም ያንኑ ነው። የፊንላንዱ ፖላር ያለ ሽቦ የሚሠራ መቁጠሪያ ለስፖርተኞች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር፤ የዛሬዎቹ ቀበቶዎች ቢረቅቁም መሠረታቸው አልተለወጠም። የእጅ ሰዓት ግን ኤሌክትሪክ አይደለም የሚያነበው። ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። ደም ይህን ብርሃን ስለሚውጥ፣ ልብ መትቶ ደም ወደ እጅ ሲገፋ ተመላሹ ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ይህን ከፍና ዝቅ ማለት ይቆጥራል።

ለተቀመጠ ሰው ሁለቱም ይበቃሉ። ልዩነቱ የሚወጣው እንቅስቃሴ ሲጀመር ነው። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል፤ በእያንዳንዱም ሰዓቱ እጁ ላይ ይነቃነቃል፤ አንዳንዴ መሣሪያው ያንን ንቅናቄ የልብ ምት ነው ብሎ ይይዘዋል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አብሮኝ እየተጫወተ በሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ሰዓቱ 174 ሲል ካየሁ፣ የሚቆጠረው እግሩ እንጂ ልቡ አይደለም ብዬ እጠረጥራለሁ። ብረት የሚያነሳ ሰው ደግሞ አንጓውን ያጥፋል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ንባቡ ይዘበራረቃል። እንጦጦ ላይ በማለዳ ብርድ ደም ከእጅ ቆዳ ስለሚሸሽ ሰዓቱ እስኪሞቅ ድረስ ይደናበራል። ከፊሉን በማጥበቅ ማዳን ይቻላል፤ ሰዓቱ እንደ አምባር አንጓው ላይ ከሚንከላወስ ከአጥንቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጠበቅ ይበል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይም ይነሳል፤ እኛን ስለሚመለከት ማለፍ አይገባም። ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ስህተቱ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በቆዳ ቀለም መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ ንባቡን በግልጽ ያበላሸው እንቅስቃሴ ነበር። ስለዚህ «ለጥቁር ሰው ሰዓት አይሠራም» የሚለውን የጂም ወሬ አልቀበልም። ይሁን እንጂ ንባቡ የሚዘላብድበት ሰው ወደ ደረት ቀበቶ ቢሄድ ብርሃኑም ቀለሙም ጉዳይ መሆናቸው ይቀራል።

በርካሽ ሰዓት ለመሳቅ ሙዝ ላይ አስረው ምት ሲያነብ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ያዝናናል፤ ግን ብዙም አያስረዳም። በሚገባ የተሠራ ሰዓትም ሙዝ ላይ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ከብርሃን ውስጥ ምት እንዲፈልግ ተሠርቷልና ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ሌላ ፈተና ነው። አንድ ደቂቃ በፍጥነት ሩጥ፣ አንድ ደቂቃ አዝግም፣ ድገመው። የደረት ቀበቶ ከጓደኛ ተውሰህ አብረህ ከታጠቅህ፣ ቀበቶው ወዲያው ሲወጣና ሲወርድ ሰዓቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር በዓይንህ ታያለህ። ቀበቶ ከሌለ ጣት አለ፤ ቆም እንዳልክ ሁለት ጣት አንጓህ ላይ አድርገህ 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛ። ልብ ቶሎ ስለሚረጋጋ መዘግየት የለም።

አሁን ወደ ካሎሪው። ያ የስታንፎርድ ጥናት 7 መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትኖ ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ቆጠሩ። በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የባሰው 93 በመቶ። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው «ሰዓቱ ሐሰተኛ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሰውነት የሚያቃጥለው በሚጠቀመው ኦክስጅን ይታወቃል፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን ወደ 5 ካሎሪ ይሆናል። ቤተ ሙከራ አፍና አፍንጫ ላይ ጭምብል አድርጎ ይህን ይለካል። ሰዓቱ ጭምብል የለውም፤ ያለው ምት፣ ክብደት፣ ዕድሜና ፆታ ነው፤ ከእነዚህ ይገምታል።

ግምቱ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ደቡብ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡትን ቀመር እንውሰድ። በዚያ ስሌት ለወንድ የ10 ምት ጭማሪ በደቂቃ 1.5 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ሰዓቱ በ10 ምት ከሳተ በ40 ደቂቃ ሩጫ 60 ካሎሪ ከባዶ ተፈጠረ ማለት ነው። ምቱ ትክክል ሆኖም ግምቱ ሊስት ይችላል፤ ልብ የሚፈጥነው ለኦክስጅን ብቻ አይደለምና። ሙቀት፣ የውኃ ጥማት፣ ንዴት፣ ቡና ሁሉ ያፈጥኑታል። ብረት ማንሳት ምትን ሰማይ ያደርሰዋል፤ የሚቃጠለው ግን በዚያው ምት ከሚሮጥ ሰው ያነሰ ነው። በተቃራኒው ምትን የሚቀንስ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላቡን እያፈሰሰ ሰዓቱ «ምንም አልሠራህም» ይለዋል።

በእኛ ከተማ ትልቁ አሳሳች ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣች ሴት እዚያ በምትሮጥበት ፍጥነት እዚህ ብትሮጥ ልቧ አብልጦ ይመታል፤ አየሩ ስለሳሳ። ሰዓቷም ካሎሪ ይቆልላል። ሰውነቷ ከፍታውን እየለመደ ሲሄድ ምቱ ይወርዳል፣ የሰዓቱም ካሎሪ አብሮ ይወርዳል፤ እሷም ሰነፍኩ ብላ ትጨነቃለች። በርትታ ሳለ!

ለሩጫ እኔ የምተማመንበት ማመዛዘኛ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 1 ካሎሪ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ቢሮጥ 350 ገደማ ነው። ሰዓቱ 520 ካለው፣ ቁጥሩን አይቶ ተጨማሪ እራት ባይበላበት እመርጣለሁ። የሰዓቱ ካሎሪ የሚጠቅመው ያንኑ ሰው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ሲያነጻጽሩት ነው። ከጓደኛ ጋር መፎካከሪያ አይሆንም።

ስለ ግዢው ከጠየቃችሁኝ፦ ለሚሮጥና ፈጣንና ቀርፋፋ እያፈራረቀ ለሚሠራ የደረት ቀበቶ። ደረት ላይ መታጠቅ ለማይመቸው፣ በተለይ ለሴቶች፣ ክንድ ላይ የሚታሠር የብርሃን መቁጠሪያ ጥሩ መሐል ሠፋሪ ነው፤ ክንድ ከአንጓ ይልቅ ይረጋጋል። ለእግር ጉዞ ብቻ ከሆነ ያላችሁ ሰዓት ይበቃል። ቀበቶ ስትገዙ በብሉቱዝም፣ አንት ፕላስ (ANT+) በሚባለው ሌላ ሽቦ አልባ መንገድም የሚልከውን ምረጡ፤ ስልክም ትሬድሚልም ያነቡታል። ጨርቁ ከመሣሪያው ተነጥሎ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ጠይቁ፤ ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነውና። ባትሪውም ሰዓት ሠሪ ዘንድ የማይጠፋው ክቡ ዓይነት ይሁን። ከመታጠቃችሁ በፊት ቆዳ የሚነካውን ክፍል በውኃ አርጥቡ፤ ደረቅ ቀበቶ እስኪያልባችሁ ድረስ የማይሆን ቁጥር ያወጣል። ከልምምድ በኋላ መሣሪያውን ነቅላችሁ ጨርቁን እጠቡ፤ የላብ ጨው ከቆየበት ጥሩ ቀበቶ በወራት ውስጥ መሳት ይጀምራል።