ለካ ሻይ እንዲህም አለ!

ኩዌት ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ባለፈው ዓርብ ያየሁትን የመሰለ ነገር ግን አላየሁም! እዚሁ ባያን፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ የምትኖር ጃፓናዊት ሻይ ጠጡልኝ ብላ ጠራችን። ፉት ብዬ የምመለስ መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ሰሌኑ ላይ ተቀመጥን። ውጭ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል፤ ውስጥ ከብረቱ ማንቆርቆሪያ መንሿሿት በቀር ድምፅ የለም። ሴትዮዋ ንጹሑን ዕቃ እፊታችን እንደገና በሐር ጨርቅ ወለወለች፤ የሻዩን ጣባ በሙቅ ውሃ አለቀለቀች። እናቴ ስኒ ስታለቀልቅ ታየችኝ!

መጀመሪያ ከቀይ ባቄላ የተሠራ ጣፋጭ ቀረበልን። ሻዩ ሳይመጣ ተበልቶ ያልቃል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ማቻ የሚባለውን ሻይ ስቀምስ ነው፤ ምሬቱ አፌ ውስጥ በቀረው ጣፋጭ ላይ አረፈ፣ ስኳር የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ! ቅጠሉ እንደኛ ሻይ ተነክሮ አይጣልም፤ ተፈጭቶ ከነነፍሱ ይጠጣል። ሁለት ግራም ያህል ዱቄት፣ ጥቂት ሙቅ ውሃ፣ ከአንድ ቀርከሃ ጫፉ እንደ ጸጉር ተሰንጥቆ የተሠራ መበጥበጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ አረፋ።

ደግሞ አሰጣጧ! የጣባው ያማረው ፊት ወደ እኔ ዞሮ ነው የመጣው። እንግዳው እጅ ነሥቶ ይቀበልና ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ባማረው ጎን ከንፈር ማሳረፍ ነውር ነውና። እሷ ውበቱን ለእኔ ሰጠች፣ እኔ መልሼ ወደ እሷ አዞርኩት፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር!

የመጨረሻውን ጉንጭ ድምፅ እያሰሙ ይስቡታል፤ ጨረስኩ፣ ጣፈጠኝ ማለት ነው። የኩዌት ሰው ቡና ሲበቃው ፊንጃሉን ነቅነቅ ያደርጋል። እኛ ዘንድማ በረካ ሳይጠጣ ማን ይነሳል? የእኛን ቡና የሚያደምቀው ወሬው ነው። ጃፓናዊቷ ቤት ግን ዝምታው ራሱ መስተንግዶ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያረፍኩበት ሰዓት የለም።

ይህን ሥርዓት ያቀኑት የሻይ ሊቁ ሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591 እ.ኤ.አ.) ናቸው። የሻይ ቤታቸው በር ሰው ጎንበስ ብሎ በጉልበቱ ካልሆነ አያስገባም ነበር፤ ሳሙራዩም ጎራዴውን ውጭ ትቶ እንደማንም ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ በር ማሰብ! ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው መጽሐፋቸውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ያሉት ወድደው አይደለም።

ልንወጣ ስንል ጣባውን አንዴ ላየው ብዬ ለመንኳት። ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ወደ ሰሌኑ ዝቅ አድርጌ እንድይዘው አሳየችኝ፤ እንዳይወድቅ። የመጪው ዓርብ ተራ የእኔ ነው አልኳት። ከአገር ቤት በነጠላ ተጠቅልላ የመጣች ጀበናዬን ከወዲሁ አውጥቼ አጥቤያታለሁ።