የሌነንና የማካርትኒ የዘፈን ድርሰት፤ አንድ ፊርማና ሁለት እጅ

ቢትልስ ስለ ተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በተነሣ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም ጆን ሌነን የቃል ሰው፥ ፖል ማካርትኒ ደግሞ የዜማ ሰው ነበር የሚለው ነው። ሌነን አሳቢ፥ ደፋርና እውነተኛ ሲሆን ማካርትኒ ግን ለጆሮ የሚጥም፥ ለልብ የማይከብድ ዘፈን ደራሲ ነው ይባላል። ፍርዱ ለማስታወስ የማያስቸግር ስለ ሆነ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ከዘፈኖቹ ጋር ሲተያይ የሚጸና መሆኑንና አለመሆኑን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጣዕም ክርክር ብቻ አይደለም። ሁለቱ ገና ወጣቶች ሳሉ ከሁለት አንዳቸው የደረሱት ዘፈን ሁሉ በሁለቱም ስም እንዲወጣ ተስማምተው ነበር። በ1963 በወጣው በመጀመሪያው አልበማቸው የማካርትኒ ስም ቀድሞ ይነበብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሌነን ስም ቀደመ፥ እንዲሁም ሆኖ ቀረ። «የስተርዴይ» የተባለውን የ1965 ዘፈን ማካርትኒ ብቻውን ደርሶ ከአራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ጋር ሲቀርጸው ከጓደኞቹ አንዳቸውም አልተጫወቱበትም፤ ሆኖም በሸክላው ላይ ፊተኛው ስም የሌነን ነው። ማካርትኒ ከብዙ ዘመን በኋላ በዚህ ዘፈን ላይ ስሙ እንዲቀድም ቢጠይቅ የሌነን ባለቤት የነበረችው ዮኮ ኦኖ አልፈቀደችም። በ2002 ባሳተመው የኮንሰርት አልበም ላይ ግን የስሞቹን ተራ ገለበጠው፤ ነቃፊም አላጣም። እኔ አልፈርድበትም። ሌነን በታኅሣሥ 1980 በኒው ዮርክ ከተማ በጥይት ከተገደለ ጀምሮ ሚዛኑ በአንድ ወገን አዘንብሏልና። አባቶቻችን የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ ፊርማው አንድ ከሆነ የማን እጅ የቱ ጋ እንዳለ በምን ይታወቃል? አብዛኛውን ሁለቱ በየጊዜው ከሰጡት ቃል እናውቃለን፤ በአብዛኛውም ቃላቸው ይስማማል። «ኢን ማይ ላይፍ» በተባለው የ1965 ዘፈን ግን አይስማሙም። ግጥሙ የሌነን መሆኑን ሁለቱም ሲያምኑ፥ ዜማውን ማካርትኒ እኔ ነኝ የሠራሁት ይላል፤ ሌነን ደግሞ የማካርትኒን ድርሻ ለመካከሉ ክፍል ብቻ ይሰጣል። የስታቲስቲክስ ሊቅ የሆኑት የሃርቫርዱ ማርክ ግሊክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሁለቱን ዘፈኖች ድምፅና ኮርድ ቈጥረው ቢያነጻጽሩ የስንኞቹ ዜማ ወደ ሌነን አዘነበለ። እኔን ከውጤቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ጥያቄው ቍጥር እስከ መቍጠር ማድረሱ ነው። ዜማ የአንደኛው ብቻ ችሎታ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው በጆሮው ይለየው ነበር።

የዜማቸው ጠባይ ግን በእርግጥ ይለያያል። የሌነን ዜማ ከተነሣበት ድምፅ ርቆ መሄድ አይወድም። ሰው ሲናገር ድምፁ ጥቂት ከፍ፥ ጥቂት ዝቅ እንደሚል የእርሱም ዜማ እዚያው አጠገብ ይመላለሳል፤ የሚለወጠው ከሥሩ ያለው ኮርድ ነው። «አይ አም ዘ ዎልረስ» (1967) ከፖሊስ መኪና ጩኸት የተነሣ ነው፤ ሁለት ድምፆች ወዲያና ወዲህ ሲሉ ኮርዶቹ ከሥራቸው ስለሚሸሹ ዘፋኙ ቆሞ መሬቱ የሚሄድ ይመስላል። የማካርትኒ ዜማ ደግሞ ራሱ ይጓዛል፤ ይወጣል፥ ይዘላል፥ ተመልሶም ያርፋል። ይህን ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች «የስተርዴይ»ን ይቍጠሩት። በዚህ ዓይነት ዘፈን የተለመደው ክፍል 8 ባር ሲኖረው የዚህኛው ስንኝ 7 ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እያዜመው አንድ ባር መጉደሉን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ፍርዱ ፈጽሞ የሚሰበረው ግን በቃሉ በኩል ነው። ለዚህም ሁለቱ ስለ እናቶቻቸው ከደረሷቸው ዘፈኖች የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ማካርትኒ ነርስና አዋላጅ የነበረችው እናቱ ሜሪ በ1956 በካንሰር ስትሞት የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። በሐምሌ 1957 በሊቨርፑል በአንድ የቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ከሌነን ጋር ተዋወቀ። ያሳደገችው አክስቱ የሆነችው ሌነን ደግሞ፥ በዓመቱ እናቱን ጁሊያን መኪና ገጭቶ ገደለበት፤ እርሱም ገና 17 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ከጊታር ሌላ የሚጋሩት አንድ ኀዘን ነበራቸው ማለት ነው።

ሌነን «ጁሊያ»ን በ1968 ሲቀርጽ ከጓደኞቹ ማንንም አላስገባም፤ ጊታሩና ድምፁ ብቻ ናቸው። የስንኙ ዜማ በአንድ ድምፅ ላይ ይቆይና ብቻውን የሚያንጐራጕር ሰው ያስመስለዋል። ከሊባኖሱ ጸሐፊ ከካህሊል ጂብራን ሁለት ሐረግ ወስዶ በመጠኑ ለውጦ አስገብቶበታል። እናቱን በስሟ ይጠራል፤ ነገር ግን እዚያው ላይ የባሕር ልጅ የሚላት ሌላ ሴት ትገባለች፤ ይህም ዮኮ የሚለው የጃፓን ስም ፍቺ ነው። ሟቿና ሕያዊቱ በአንድ ዜማ ውስጥ ተቀላቀሉ። በሁለት ዓመቱ በ1970 ሌነን ለብቻው ባወጣው አልበም ላይ «ማዘር» የሚለውን ደረሰ። በደወል ይጀምራል፤ እናትና አባት ጥለውት እንደ ሄዱ በደረቅ ቃል ይናገራል፤ በመጨረሻም ቃሉ አልቆ ጩኸት ብቻ ይቀራል። በ«ጁሊያ» የነበረው መሸፈኛ ሁሉ እዚህ ተጥሏል።

የማካርትኒ «ሌት ኢት ቢ» በ1970 ወጣ። ጓዱ በጠብ ሊፈርስ በተቃረበበት ወራት እናቱን በሕልሙ አይቷት አይዞህ ስላለችው የተደረሰ ነው። በዘፈኑ ውስጥ እናት ሜሪ ብሎ ይጠራታል። ሰሚው ሁሉ ይህን ቅድስት ድንግል ናት ብሎ ቢወስደው አያስደንቅም፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአራት ድምፅ ስንዘምር ያደግን ሰዎች የፒያኖውን አካሄድ ወዲያው እናውቀዋለንና፤ አሜን ሲባል የሚወረድበት ዓይነት ነው። ቅኔ የሰማ ሰው ደግሞ ሰምና ወርቅ ነው ማለቱ አይቀርም። ሰሙ የአምላክ እናት፥ ወርቁ የሊቨርፑሏ አዋላጅ ናት። ከቅኔ የሚለየው ባለቤቱ ምሥጢሩን ሽቶ ያልፈጠረው መሆኑ ነው፤ የእናቱ ስም በእውነት ሜሪ ነበረ። ማካርትኒም ሰሚው እንደ ፈለገው ቢተረጕመው እንደማይከፋው ተናግሯል።

እንግዲህ የቃል ሰው የተባለው ቃሉን ጥሎ ወደ ጩኸት ሄደ፤ የዜማ ሰው የተባለው በአንድ ስም ሁለት ትርጓሜ አኖረ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ቢባል «ማዘር» ይበልጥ ያስደነግጣል፤ እኔም በሌሊት ብቻዬን ደግሜ አልሰማውም። ነገር ግን ሌላ ሰው ሲዘፍነው በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ የለበሰ ይመስላል። «ሌት ኢት ቢ» ለየሰዉ ኀዘን ይሆናል። ይህ የሆነው ኀዘኑ ስላነሰ አይደለም፤ ደራሲው የራሱን ኀዘን ሌላ ሰው እንዲገባበት አድርጎ ስለ ሠራው ነው፤ ይህም የቃል ጥበብ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ይኸው ልዩነት ስለ ትውልድ ከተማቸው በደረሷቸው ሁለት ዘፈኖችም ይታያል፤ ሁለቱ በ1967 በአንድ ሸክላ ሁለት ገጽ ላይ ወጥተዋል። በ«ፔኒ ሌን» ማካርትኒ ጎዳና ላይ ቆሞ ፀጉር አስተካካዩን፥ የባንኩን ሰው፥ እሳት አጥፊውንና ነርሷን በየተራ ያሳየናል። ሌነን በ«ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» ስሙን ከሳልቬሽን አርሚ የሕፃናት ማሳደጊያ ወስዶ፥ ስለ ቦታው ግን አንዳች ሳይነግረን ወደ ገዛ አእምሮው ይገባል፤ የጀመረውን ሐሳብ እንኳ ሳይጨርስ ይጠራጠረዋል። ስለ ከተማይቱ ማወቅ የሚሻ የፊተኛውን ይስማ። የሁለተኛውን ያህል የሰውን የአሳብ መወላወል በዘፈን የገለጸ ግን ከዚያ ዘመን ሰው አላውቅም፤ በዚህ ማካርትኒ አይደርስበትም።

የሁለቱ ሽርክና ምን ያህል ይጠቅም እንደ ነበር የሚታየው ደግሞ በዘፈኖቹ መካከለኛ ክፍል ላይ ነው። በ«ዊ ካን ዎርክ ኢት አውት» (1965) ስንኙን ማካርትኒ ጻፈው፤ ጠበኛን ሰው ተስፋ እየሰጠ ያግባባል፥ ጥቂትም የእኔን ስማ ባይነት አለበት። ወደ መካከሉ ሲደርስ ዜማው ወደ ማይነር ይዞርና ሌነን ዕድሜ አጭር ነው ብሎ ይገባል፤ በጆርጅ ሃሪሰን አሳብ ምቱም ወደ ቫልስ ይለወጣል። ያ ክፍል ባይኖር ዘፈኑ ብልጥ ሰው ያደረገው ንግግር ሆኖ በቀረ ነበር። በ«ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» (1967) ተራው ተገለበጠ። ሌነን ከጋዜጣ ያነበበውን የሞት ወሬ እንደ ሕልም ሲያዜም፥ በ40 ሰዎች ኦርኬስትራ ማዕበል መካከል የሰዓት ደወል ይጮኻል፤ ማካርትኒም ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ አውቶቡስ ይሮጣል። የሌነን ሕልም የሚያስፈራው ይህ ተራ ጧት በመካከሉ ስላለ ነው።

ከተለያዩ በኋላ ሁለቱም ያጡት ይህን ነው። ሌነን በ1972 «ሰም ታይም ኢን ኒው ዮርክ ሲቲ» በተባለው አልበሙ የፖለቲካ ወሬ በግጥም እየደረደረ ሲያቀርብ ይህ ዘፈን አልሆነም የሚለው አልነበረም፤ ማካርትኒም በ1970ዎቹ ዓመታት ዜማው እስካማረ ድረስ ለቃሉ የማይጨነቅባቸውን ብዙ ዘፈኖች አወጣ። በጠቅላላው ሲመዘን ማካርትኒ የሚበልጥ የዘፈን ደራሲ ነው እላለሁ፤ ብዙዎች የትምህርት ጓደኞቼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ሌነን ማካርትኒ የማይደርስባቸው አምስት ወይም ስድስት ዘፈኖች አሉት። ማካርትኒ ግን «ኤሊኖር ሪግቢ»ን በመሰለ ዘፈን እርሱ ያልሆነውን ሰው ብቸኝነት መግለጽ ይችላል፤ ሌነን ይህን እምብዛም አልሞከረውም።

በ2023 «ናው ኤንድ ዘን» የተባለው ዘፈን ወጣ። ሌነን ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት በኒው ዮርክ ቤቱ በፒያኖ ብቻ በካሴት ያስቀረው ነው። በ1995 የቀሩት ሦስቱ ሊጨርሱት ሞክረው የካሴቱ ጥራት ስላላመቻቸው ትተውት ነበር፤ በኋላ ግን ድምፁን ከፒያኖው የሚለይ የኮምፒዩተር ዘዴ ተገኘ። ማካርትኒ ስንኙንና አዝማቹን ይዞ ሌነን አሳቡን የሚያወላውልበትን የመካከሉን ክፍል አስቀረው፤ በስፍራውም የክር መሣሪያዎችና የጊታር ዜማ ገቡ። ዘፈኑ አጠረ፥ ተስተካከለም። ሌነን በሕይወት ቢኖር ግን ያ ክፍል ያለ ክርክር የሚቀር አልነበረም።