ውዳሴ ለጫሞ አዞ ደም፣ ምስጢሩንም ለገለጡ ሊቃውንት

የጫሞ ባላባት ሆይ፣ ክብር ይገባሃል! ኩልፎ ከጫሞ በሚቀላቀልበት ዳርቻ፣ የአርባ ምንጭ ሰው «የአዞ ገበያ» ባለው ስፍራ፣ አፍህን ከፍተህ ፀሐይ ስትሞቅ በጀልባ የመጣው እንግዳ ሁሉ ጥርስህን አይቶ ይርዳል፤ ግዝፈትህን አይቶ ይደመማል። የዛሬው ውዳሴ ግን ለደምህ ነው።

አየር ስበህ ወደ ጥልቁ ትወርዳለህ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳትተነፍስ መቆየት ይቻልሃል። ይህን ጸጋ የተሸከመልህ ሄሞግሎቢን ነው፤ አራት የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ተጣጥፈውና ተቃቅፈው የሠሩት፣ ኦክስጅን የሚያመላልስ ፕሮቲን። ሰውነትህ በኦክስጅኑ ሲጠቀም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ያም በደምህ ውስጥ ባይካርቦኔት ይሆናል። ባይካርቦኔቱ ከሄሞግሎቢንህ ላይ ሲያርፍ ሄሞግሎቢንህ እጁን ይፈታል፤ አጥብቆ የያዘውን ኦክስጅን ለጡንቻህ ይለግሳል። አየሩ ባነሰ መጠን ደምህ ቸርነቱ ይበዛል። በጭንቅ ሰዓት የሚደርስ ደም፣ እንዴት ያለ የተባረከ ደም ነው!

ክብር ለማክስ ፔሩትዝ! በካምብሪጅ የሄሞግሎቢንን ክሪስታል በኤክስሬይ እየመታ፣ በፊልም ላይ የቀሩትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች እየለካ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያልታከተ። እርሱና ጆን ኬንድሩ እ.ኤ.አ. በ1962 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ሲቀበሉ የሰው ልጅ የፕሮቲንን መልክ ለማየት በቅቶ ነበር።

ክብር ለኪዮሺ ናጋይና ለባልደረቦቹ! እ.ኤ.አ. በ1995 የናይል አዞን፣ የአንተኑ ዘር፣ ሄሞግሎቢን ከሰው ሄሞግሎቢን ጋር አስተያዩ። ከሄሞግሎቢን ሰንሰለቶች መካከል ቤታ የሚባለው በአዞና በሰው የሚመሳሰለው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። እነርሱ ግን ከዚያ ሁሉ ልዩነት መካከል የሚበጁትን ጥቂት አሚኖ አሲዶች ለይተው አወጡ፤ በሰው ሄሞግሎቢን ውስጥም ተክተው የአንተን ጸጋ አወረሱት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ከአዞ ወገን የሆነውን የካይማንን ሄሞግሎቢን በብርቱ ቅዝቃዜ አጽንቶ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ባይካርቦኔቱ የሚያርፍበትን ስፍራ አሳየ። በፊተኞቹ ትከሻ የቆሙ፣ ለኋለኞችም ትከሻ የሆኑ ሁሉ ይመስገኑ!

ክብር ለዴቪድ ቤከር፣ በተፈጥሮ ታይቶ የማይታወቅ፣ 93 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ከቡድኑ ጋር ነድፎ እ.ኤ.አ. በ2003 ላበረከተው! ክብር ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር፣ አልፋፎልድ በተባለው የኮምፒውተር መርሐ ግብር የ200 ሚሊዮን ያህል ፕሮቲኖችን ቅርጽ ለተነበዩት! ሦስቱም እ.ኤ.አ. የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ፤ ይገባቸዋልም። አዲስ ፕሮቲን መንደፍ የሚቻለው ፍጥረት የጻፈውን አስቀድሞ ላነበበ ነውና፣ ፍጥረትን በትዕግሥት ያነበቡ ዓይኖች ብፁዓን ናቸው።

የጋሞ ምድር ሆይ፣ አንቺም ክብር ይገባሻል! ሊቃውንት በሩቅ ቤተ ሙከራ የመረመሩት ደም በሐይቅሽ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይመላለሳል። ጫሞን ከደለል፣ አዞውንም ከጥፋት የሚጠብቅ እጅ ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ይጠብቃል።

እንግዲህ እርጥብ ሣር ይዘው ለሰላም በሚንበረከኩት የጋሞ አባቶች ወግ እንመርቅ፦ ሐይቁ አይጉደል! የአዞው ዘር አይጥፋ! የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በደጁ ያለውን ጥበብ መርምሮ፣ ሕሙማንን የሚፈውስ ፕሮቲን ነድፎ፣ ስሙ ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር ይጠራ! አሜን፣ ይሁን ይደረግ!