ተክልን ማስጠማት
ጥቅምት ሲገባ የፒንጉዊኩላዎቼን እምብርት በየጠዋቱ አያለሁ። በክረምት ያወጧቸው ቅጠሎች ሰፋፊና ለስላሳ ናቸው፤ ቅቤ የተቀቡ ይመስል ያብረቀርቃሉ። ከመሀል ብቅ የሚለው አዲስ ቅጠል አጭር፣ ወፍራምና ደረቅ ከሆነ ግን ተክሉ በጋውን ጀምሯል። እኔም ውሃ መቀነስ እጀምራለሁ። እነዚህን ሥጋ በል ተክሎች ቤት ውስጥ ማሳደግ የሚሻ ሰው ከማብላት በፊት ማስጠማትን ይማር እላለሁ።

ምክንያቱ ያለው በትውልድ አገራቸው ነው። የማሳድጋቸው የሜክሲኮ ዝርያዎች ናቸው። ፒንጉዊኩላ ሞራኔንሲስ የተገኘው በኢዳልጎ ግዛት፣ በሞራን የማዕድን ማውጫ አካባቢ ነው፤ አሳሾቹ ሁምቦልትና ቦንፕላንድ ሰበሰቡት፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ኩንት በ1817 እ.ኤ.አ. ስም አወጣለት። ፒንጉዊኩላ ጂፕሲኮላ ደግሞ በሳን ሉዊስ ፖቶሲ የጀሶ ቋጥኝ ላይ ይበቅላል። እዚያም እንደ እኛ ደጋ ዝናቡ በክረምት ይወርድና ረጅም በጋ ይከተላል። በዝናቡ ወራት ትንኝ ስለሚበዛ ተክሉ የሚያጣብቅ ሰፊ ቅጠል ይዘረጋል። በበጋ የሚያዝ ነፍሳት ጥቂት ነው፤ ሙጫ ማመንጨትም ውሃ ያስወጣል። ስለዚህ አደኑን ትቶ ውሃ በሚያጠራቅሙ ትናንሽ ቅጠሎች ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ እንደ ክረምቱ የሚያጠጣው ሰው እምብርቱን ያበሰብሰዋል። እኔ አፈሩ ሊደርቅ ሲል ብቻ ጥቂት እረጫለሁ።

አደኑ ራሱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ቅጠሉ ላይ ሁለት ዓይነት ዕጢዎች አሉ፦ በአጭር ዘንግ ላይ የቆሙት የሙጫ ጠብታ ይይዛሉ፤ ከቅጠሉ ገጽ ጋር የተለጠፉት ደግሞ ነፍሳት ሲያዝ እሱን የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫሉ። ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. ስለ ነፍሳት በል ተክሎች ባሳተመው መጽሐፍ ለፒንጉዊኩላ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚታጠፍ በሙከራ አሳይቷል። ቤት ውስጥ ከአበባ አፈር የምትነሳው ጥቁር ትንኝ ለተክሉ ትበቃዋለች። እሷ ከጠፋች የተፈጨ የዓሣ ምግብ ቅንጣት እነሰንሳለሁ፤ ከበዛ ይሻግታል።

አፈሩን ፐርላይት፣ ቨርሚኩላይትና አሸዋ አድርጌ እቀላቅላለሁ። ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አይገባበትም። ውሃው የዝናብ ወይም ዲስቲልድ ቢሆን ይመረጣል። ብርሃን በምሥራቅ መስኮት ከሌለ የኤልኢዲ መብራት ይተካዋል።

ከሥራው ሁሉ የምወደው ማራባቱን ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ተክሉ ሳይነቃ፣ ወፍራሙን ቅጠል በሁለት ጣት ይዤ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያልኩ አወዛውዘዋለሁ። መጎተት አያስፈልግም፤ ሲለቅ ነጩ ሥረ መሠረቱ አብሮ መምጣት አለበት። ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነጭ ክፍል ስለሆነ፣ መሀል ላይ የተበጠሰ ቅጠል ብዙም ተስፋ የለውም። በረጠበ ቨርሚኩላይት ላይ አጋድሜ፣ ሳልቀብረው፣ በፕላስቲክ እከድነዋለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ቡቃያ ትወጣለች። አሮጌው ቅጠል ቢጨማደድም አላነሳውም፤ ቡቃያዋ ከእሱ ላይ ትመገባለች። ብቻዋን ማሰሮ የምሰጣት ቅጠሉ ፈጽሞ ደርቆ ሲላቀቅና የራሷን ሥር ስትይዝ ነው።